ሰዓቴ ዋሸኝ ወይስ እግሬ? ረጅም መሿለኪያ በሚያቋርጥ የተራራ ሩጫ ላይ የተነሣ ውይይት

ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የመጡትን 34 ምላሾች በራሴ አነጋገር አሰባስቦ የማስቀመጡም ዕዳ የእኔ ነው። ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ በመርዘሙ አዲስ የሚገባ አንባቢ መነሻውን ትቶ መካከል ላይ በተነሣው ጠብ ብቻ ፍርድ መስጠት ጀምሯል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሳላፋልስ፣ ነገር ግን ሁሉንም እኩል ሳልመዝን እተርካለሁ።

መነሻው እንዲህ ነበር። ባለፈው ወቅት በሮጥኩት የ50 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር፣ መንገዱ 28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከጫካው ወጥቶ፣ ሃዲዱ ተነቅሎ ጠጠር በተደለደለበት አሮጌ የባቡር መሿለኪያ ውስጥ ይገባል። አዘጋጆቹ ርዝመቱ 3,500 ሜትር መሆኑን አስቀድመው አስታውቀዋል፤ በሁለቱም አፎች ላይ የሰዓት መመዝገቢያ ምንጣፍ ነበር። ጠፍጣፋ ስለሆነ የማርፍበት ቦታ አድርጌ ቆጥሬው፣ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ልሮጠው አስቤ ነበር። ውስጥ ገብቼ ሰዓቴን ስመለከት ግን 6 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አካባቢ ይለኛል፤ ከፊቴ የሚታየኝ የመውጫው ብርሃንም የመርፌ ቀዳዳ አክሎ አልቀርብ አለኝ። ዘገየሁ ብዬ ጨመርኩ። ስወጣ ሰዓቴ የለካው 2.9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ በምንጣፎቹ መካከል የፈጀሁት ጊዜ ደግሞ 18 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። የአዘጋጆቹ ርዝመት ትክክል ከሆነ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሮጫለሁ ማለት ነው። ከመሿለኪያው በኋላ ያለውን ዳገት አብዛኛውን በእርምጃ መጨረሴ ለዚህ ግምት ይመሰክራል። ስለዚህ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው፣ አዘጋጆቹ ናቸው ወይስ እኔ ነኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ ሰዓት በማይታመንበት ጨለማ ፍጥነትን በምን መጠበቅ እንደሚቻልም ጨመርኩ። በመጨረሻም የግንባር ባትሪዬ ገና ከመግቢያው ደብዝዞ በእጄ ይዤው እንደሮጥኩ፣ ሁለት ሦስተኛው መንገድ ላይ ጨርሶ ሲጠፋም የሌላ ሯጭ ብርሃን ተከትዬ እንደወጣሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀስኩ። ይህች ዓረፍተ ነገር ባትኖር ክሩ በግማሽ ያጥር ነበር።

1ኛው መላሽ እጅግ በጨዋ ቋንቋ የሰዓቱን ነገር አስረዱኝ። የሳተላይት ምልክት ዓለት ሰንጥቆ አያልፍም፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ሰዓቱ የእጅን መወዛወዝ ቆጥሮ፣ በቀድሞ ሩጫዎች ከተማረው የእርምጃ ርዝመት ጋር አባዝቶ ርቀቱን ይገምታል። ስለዚህ መሿለኪያ ውስጥ የሚታየው ፍጥነት ልኬት ሳይሆን ግምት ነው። 2ኛው ምላሽ በዚህ ተስማምቶ፣ ሯጩ ወጥቶ ምልክቱ ሲመለስ ብዙዎቹ ሰዓቶች የመጨረሻውን የውጭ ነጥብና አዲሱን ነጥብ በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር እንደሚያገናኙ ጨመረ። በካርታው ላይ የሚታየው መስመርና በሰዓቱ ላይ የተጻፈው ርቀት የማይገጥሙትም በዚህ ምክንያት ነው። መልሱን አግኝቻለሁ ብዬ ክሩን ልዘጋ አስቤ ነበር፤ ደግነቱ አልዘጋሁትም።

3ኛው መላሽ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በካስኬድ ተራሮች ሥር የሚያልፈውን የስኖኳልሚ መሿለኪያ የሮጡ ሰው ናቸው። ርዝመቱ 3.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚልዋኪ ባቡር ኩባንያ ከ1912 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) አስቆፍሮት፣ ባቡር እስከ 1980 ከሄደበት በኋላ ለእግረኛና ለብስክሌት ተትቷል። ካስኬድ ክረስት የተባለው የ100 ማይል ውድድር ለረጅም ዓመታት መንገዱ አጋማሽ ገደማ ላይ በዚሁ ውስጥ አልፏል። እኚህ መላሽ የተናገሩት ከሌላው ሁሉ የተለየ ነበር፦ እርሳቸው በሌሊት ስለገቡ የመውጫ ብርሃን የሚባል ነገር ከፊታቸው አልነበረም፤ ይህንንም እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ዕረፍት ቆጥረውታል። የሚያባብል ብርሃን ከሌለ የሚያሳድዱትም ነገር የለም፤ እግርና ትንፋሽ ብቻ ይቀራሉ። 4ኛው መላሽ መሿለኪያው ዓመቱን ሙሉ ክፍት መስሎት ለጉዞ የሚነሣ ሰው እንዳይሳሳት፣ በበረዶ ምክንያት ከኅዳር መግቢያ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ እንደሚዘጋ፣ ከ2009 እስከ 2011 ደግሞ ለጥገና ተዘግቶ እንደነበር አስታወሰ።

5ኛው ምላሽ ለእኔ የክሩ ዋና ሀብት ነው። ራሳቸውን የፊዚክስ መምህር ብለው ያስተዋወቁት ጸሐፊ፣ ብርሃኑ አልቀርብ ያለኝ ለምን እንደሆነ በስሌት አሳዩ። የመሿለኪያው አፍ ቁመት ስድስት ሜትር ነው ብንል፣ ከ3,500 ሜትር ርቀት የሚታየው ስፋት የሙሉ ጨረቃ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። የአንድ ነገር መጠን በዓይን ላይ በእጥፍ የሚያድገው ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ስለሆነ፣ ሯጩ 1,750 ሜትር ለፍቶ ያተረፈው ነገር ቢኖር ብርሃኑ ከአንድ አምስተኛ ወደ ሁለት አምስተኛ ማደጉ ብቻ ነው። ብርሃኑ ጨረቃን የሚያህለው ለመውጫው 670 ሜትር ገደማ ሲቀር ነው። ከመንገዱ አራት አምስተኛው ካለቀ በኋላ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እድገት ግን እንደ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ዓይን መጀመሪያ ላይ ቆመሃል ይላል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትበርራለህ ይላል፤ እግሩ ግን ሁለቱንም ጊዜ እኩል ሮጧል። እኔ የጨመርኩት በመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ መንገድ ላይ ነበር፤ ዓይኔ በጣም በሚዋሽበት ቦታ መሆኑ ነው።

6ኛው መላሽ አንዲት አጭር ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ባትሪውን የያዝኩት በየትኛው እጄ ነው? በ7ኛው ላይ እኔው በግራዬ ነው ብዬ መለስኩ፤ ሰዓቱም እዚያው እጅ ላይ እንደነበር ስጽፍ ነገሩ ገባኝ። ብርሃኑ እንዳይዋዥቅ እጄን ገትሬ ስይዝ፣ ሰዓቱ የሚቆጥረውን መወዛወዝ ነፍጌዋለሁ።

8ኛው ጸሐፊ ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንደሚፈጅ አንሥቶ፣ በአማካይ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ዓይኑ ገና ሊለምድለት ሲል ከመሿለኪያው እንደሚወጣ በመጠኑ ቀልድ አዘል በሆነ አነጋገር ጻፈ። 9ኛው አረመው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ብርሃን ያሰረ ሰው መሬቱ ላይ የሚመታው ብርሃን እየተመለሰ ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባ ጨለማውን ጭራሽ አይለምድም። ዓይኑን ለጨለማ ማቆየት የሚሻ ሰው ቀይ ብርሃን ይጠቀም፤ በደካማ ብርሃን የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ለቀይ እምብዛም ስሜት የላቸውምና። ቀይ ብርሃን ለጠጠር መንገድ ሩጫ ይበቃል ወይ ለሚለው ግን 9ኛውም መልስ አልሰጠም፤ እኔ አይበቃም ባይ ነኝ።

10ኛዋ መላሽ ስለ ብርሃን አያያዝ የጻፉት ቢታተም ያስመኛል። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ መሿለኪያ ውስጥ የሯጭ ትንፋሽ ወዲያው ጉም ይሆናል፤ የግንባር ባትሪ ደግሞ ብርሃኑን የሚልከው በዚያው ጉም ውስጥ ስለሆነ ከፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ሁለተኛም፣ ግንባር ላይ ያለ ብርሃን ከዓይን ጋር አንድ አቅጣጫ ስላለው የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ ጀርባ ይደበቃል፤ መሬቱም ጉድጓዱና ጉብታው ሳይለይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ብርሃኑን ወገብ ላይ ያሰረ ሰው ሁለቱንም ችግር ይገላገላል፤ ጉሙ በላይ ይቀራል፣ ትንሿ ጠጠር እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች። እርሳቸው ዋናውን ወገባቸው ላይ፣ መጠባበቂያውን ግንባራቸው ላይ አጥፍተው እንደሚይዙ ነግረውናል። መነጽር ለሚያደርጉ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ጨመሩ፦ በጋ ላይ መነጽሩ የሚደበዝዘው ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው። ውስጥ የቀዘቀዘው መስታወት የውጭውን ሞቃት አየር ሲያገኝ ላብ ይለብሳል፤ ያኔም ሯጩ በፀሐይ ብርሃንና በጉም አንድ ጊዜ ይታወራል።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የተማረ ሰው ጉባኤ ይመስል ነበር። 11ኛው መላሽ መጡና መልኩን ለወጡት። በደከመ ባትሪ መሿለኪያ ውስጥ የገባ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውን አጥንት ለአደጋ ያጋልጣል፤ የሰው ብርሃን እየተከተለ መውጣቱን እንደ ጀብዱ ማውራቱም ያሳፍራል፤ አዘጋጆቹ ቢያውቁ ከውድድሩ ሊያስወጡት ይገባ ነበር የሚል ነው የጻፉት። እውነት ለመናገር እንደ ጀብዱ አላወራሁትም፤ ፍሬ ነገሩ ላይ ግን መልስ አልነበረኝም። 12ኛው ለእኔ የተከራከረ መስሎት ነገሩን አባባሰው፦ የተራራ ሩጫ ለደፋሮች ነው፣ ጨለማ የሚፈራ ቤቱ ይቀመጥ፣ የባትሪ ሕግ ሩጫውን የሕፃናት መዋያ ያደርገዋል አለ። 13ኛው ሁለቱንም ረጋ በሉ አለ፤ የሰማው የለም።

14ኛዋ ጸሐፊ ለ12ኛው ሳይሆን ለሁላችንም ነበር የጻፉት። ገደል ላይ የማይንቀጠቀጡ የአቀበት ሯጭ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ የመሿለኪያ ውድድራቸው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከገቡ በኋላ ደረታቸው ተጨንቆ፣ ከፊትም ከኋላም ብርሃኑ እኩል የራቀ መስሏቸው መሃል ላይ ቆመዋል። የሚመጣው ሯጭ ኮቴ በግድግዳዎቹ መካከል እየተጋጨ ከየት እንደሚመጣ ስላልታወቃቸው ወደ ቦዩ ተጠግተው ግድግዳውን ይዘው ጠበቁ። አንዲት የማያውቋት ሯጭ አጠገባቸው ደርሳ፣ ስለ ጨለማው ምንም ሳትናገር፣ እየተነፈሱ እስከ አራት እንዲቆጥሩ አድርጋ አብራቸው ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከውድድሩ አስቀድመው ቦታው ክፍት ከሆነ በእግራቸው ገብተው ያዩታል፤ ያወቁት ጨለማ ያላወቁትን ያህል አይከብድምና። 15ኛው መላሽ ይህን አንብቦ ለ12ኛው እጅግ ስለታም መልስ ሰጠው፤ ፍርሃትን የማያውቅ ሰው ደፋር ሳይሆን ያልተፈተነ ነው የሚል ይዘት ነበረው። የቀረውን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

16ኛው መላሽ ክርክሩን ወደ ሕግ መለሰው። ስኖኳልሚን የሠራው ያው የባቡር ኩባንያ በአይዳሆና በሞንታና ግዛቶች ድንበር ላይ ትቶት የሄደው፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የሴንት ፖል ፓስ መሿለኪያ አለ፤ የሃያዋታ መንገድ በሚባለው የብስክሌት ጎዳና ለሚያልፉ ሰዎች ሁሉ መብራትና የራስ ቁር የግድ ነው። ለሽርሽር የወጣ ቤተሰብ የሚጠየቀውን ለተወዳዳሪ መተው ምን ይባላል ሲል ጠየቀ። 17ኛው፣ መብራት የግድ ነው ማለት ብቻውን ምንም እንደማይፈይድ በሙያ ቋንቋ አስረዳ፦ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የአገልግሎት ሰዓት ኤፍኤል 1 በሚባለው የተለመደ የባትሪ መብራቶች መለኪያ መሠረት ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። ስምንት ሰዓት የሚል ባትሪ በስምንተኛው ሰዓት ላይ ያለው ብርሃን ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ለመራመድ እንጂ ለመሮጥ አይሆንም። እኔ ያን ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ለሁለት ሰዓት ያህል ያንኑ ባትሪ አብርቼ ሮጬ ነበር፤ ድንጋዩንም አልቀየርኩም። በ18ኛው ላይ ይህን ሳልሸፋፍን ጻፍኩና 11ኛውን መላሽ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም በአንዲት ቃል ተቀበሉኝ፤ ቁጥር ስላልሰጡት ነው እንጂ ለእኔ ከረጃጅሞቹ ሁሉ ይበልጥብኛል።

12ኛው ግን አልተመለሰም ነበርና በ19ኛው ላይ እርሱ ራሱ ባትሪውን አጥፍቶ የመሿለኪያ ቀጥታ ክፍል ሊሮጥ ሞክሮ እንደሚያውቅ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደማያስቸግር ጻፈ። 20ኛው መላሽ በትሕትና፣ ነገር ግን ያለ ርኅራኄ፣ በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙትን ጥናት አስታወሰው፦ ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች ቀጥ ብለን እየሄድን ነው እያሉ፣ አንዳንዴ ስፋቷ 20 ሜትር እንኳ በማይሞላ ክብ ይዞራሉ። የባቡር መሿለኪያ ደግሞ ወርዱ ጥቂት ሜትር ነው። 12ኛው ከብዙ ጊዜ ዝምታ በኋላ የቀኝ ትከሻው ግድግዳ እንደነካ አመነ፤ እንደነካ ነው ያለው፣ እንደተላጠ አላለም።

ከ21ኛው እስከ 26ኛው ያለው ክፍል ከሩጫው በትንሹ የራቀ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። 21ኛው መላሽ ሦስት መቶ ሯጭ በአንድ ጊዜ ቢተነፍስ አየሩ አያልቅም ወይ ብሎ ሰጋ። 22ኛው በቁጥር አረጋጋው፦ ወርዱና ቁመቱ ተባዝቶ 30 ካሬ ሜትር የሆነ፣ 3,500 ሜትር የሚረዝም መሿለኪያ ከ100 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር በላይ አየር ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ኦክስጅኑ 22 ሺህ ገደማ ነው። አንድ ሯጭ በደቂቃ 3 ሊትር ኦክስጅን ቢወስድና 20 ደቂቃ ቢቆይ፣ ሦስት መቶው በጠቅላላ የሚወስዱት 18 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። በባቡሩ ዘመን ግን ስጋቱ እውነት እንደነበር 23ኛዋ ጸሐፊ አስታወሱ። በእንግሊዝ ባዝ ከተማ አጠገብ ያለው 1,672 ሜትር የሚረዝመው የኮም ዳውን መሿለኪያ መካከሉ ላይ የአየር ማስወጫ የለውም። በኅዳር 1929 በዝግታ ያልፍ የነበረ የዕቃ ባቡር ሠራተኞቹ በጭስ ራሳቸውን ስተው፣ ባቡሩ ያለ ተቆጣጣሪ ቁልቁል ወርዶ ተከሰከሰ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ። መሿለኪያው ከ2013 ጀምሮ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ሯጮች በዚያው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ በ55 ሰዓት ገደብ 200 ማይል የሚሮጡበት ውድድርም ተካሂዶበታል። 14ኛዋ ጸሐፊ ይህን አንብበው ከአንድ የአድናቆት ምልክት በቀር ምንም አልጻፉም።

24ኛው፣ በመሿለኪያ ውስጥ ሁልጊዜ ብርድ ስለሆነ ስስ ጃኬት መያዝ እንደሚገባ መከረ፤ 25ኛው ሁልጊዜ የሚለውን ቃል ነቀፈው። ብዙ ያልጠለቀ መሿለኪያ የሚይዘው የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ስለሆነ በጋ ላይ ይበርዳል፤ ከባዱ ቀዝቃዛ አየርም ዝቅ ባለው አፍ በኩል እየፈሰሰ ስለሚወጣ ሯጩ ገና ሳይገባ ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል። ዓለቱ ወደ ላይ በጨመረ ቁጥር ግን የምድር ውስጥ ሙቀት ያሸንፋል። በስዊዘርላንድ ጎትሃርድ ተራራ ሥር የሚያልፈው የ57 ኪሎ ሜትር የባቡር መሿለኪያ ሲቆፈር የዓለቱ ሙቀት 45 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ በጀርመን መርከርስ በሚባለው የጨው ማዕድን ውስጥ፣ 500 ሜትር ያህል ከምድር በታች፣ ሯጮች የራስ ቁር አድርገው ማራቶን የሚሮጡት በቁምጣ ነው። 26ኛው መላሽ ይህን ሁሉ ትቶ፣ ዋሻ ማለት ተፈጥሮ የሠራው፣ የገቡበት አፍ ብቻ ሊኖረው የሚችል ጉድጓድ ሲሆን፣ ሾልከው የሚወጡበትን መሿለኪያ ማለት ይገባል ብሎ የቃል እርማት ሰጠን። ትክክል ነው፤ እኔም በርዕሴ አስተካክያለሁ፣ ምንም እንኳ ውስጡ ሆኜ ሳስበው ዋሻ እንጂ ሌላ ስም ያልመጣልኝ ቢሆንም።

27ኛው፣ 28ኛውና 29ኛው የተከራከሩት የመሿለኪያ ውድድር ሰዓት ይታመናል ወይ በሚል ነው። በስኖኳልሚ ተነሥተው ከተራራው ወደ ታች የሚሮጡ ማራቶኖች በድምሩ 600 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፤ ለሪከርድ የሚፈቀደው ቁልቁለት ግን በኪሎ ሜትር አንድ ሜትር፣ ለማራቶን 42 ሜትር ነው። የቦስተን ማራቶንም ከ2027 ውድድሩ ጀምሮ ከ457 እስከ 914 ሜትር በሚወርድ መንገድ ተመዝግቦ ለመግቢያ ማጣሪያ በሚቀርብ ሰዓት ላይ 5 ደቂቃ እንዲታከልበት ወስኗል። ክርክሩ በጥሩ ሁኔታ ተጀምሮ ማን በማን ሰዓት ይኮራል ወደሚል ወረደ። እዚያው ተውኩት።

30ኛዋ መላሽ ለሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ማለትም በምን ልጠብቅ ለሚለው፣ ከሁሉ የሚጠቅመውን ሰጡኝ። ሰዓቱ በየኪሎ ሜትሩ ጊዜውን በራሱ እንዲመዘግብ የሚያደርገውን ማጥፋትና በሁለቱ አፎች ላይ ብቻ በእጅ መጫን፤ የልብ ምትን በደረት ቀበቶ መከተል፣ እርሱ ሳተላይት አይፈልግምና፤ ብርሃኑን ላለማየት ከፊት ሦስትና አራት ሜትር መሬት ላይ ማተኮር። ከዚያም እኔ በጭራሽ ያላሰብኩትን ጨመሩ፦ በብዙ አሮጌ የባቡር መሿለኪያዎች ግድግዳ ላይ ሠራተኞች ባቡር ሲመጣ የሚሸሸጉባቸው ጎድጓዶች በተመጣጠነ ርቀት ተቆፍረዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በእርምጃ ቆጥሮ የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ በየጎድጓዱ መካከል ያለውን ጊዜ በመከታተል ብቻ ፍጥነቱን ያውቃል። እኔም በዚያ ቀን በየጎድጓዶቹ አጠገብ ስሮጥ የጠፉ በሮች መስለውኝ ነበር።

31ኛው መላሽ የእርምጃ ቁጥሬን አውጥቼ እንዳይ ጠየቀኝ። ሰዓቱ ከመሿለኪያው ውጭ በደቂቃ 174፣ ውስጥ ግን 151 እርምጃ ብቻ መዝግቧል። እግሬ እንዲያ ሊዘገይ ስለማይችል የጎደሉት እርምጃዎች ባትሪ የያዘው እጄ የዋጣቸው ናቸው፤ ከጎደለው 600 ሜትር ወደ 440 ያህሉ በዚህ ብቻ ይገለጻል። የቀረው፣ ፈጥኜ ስሮጥ እርምጃዬ ሰዓቱ ከሚገምተው በላይ መርዘሙ ነው። 32ኛው ደግሞ የአዘጋጆቹን ርዝመት ራሴ እንዳረጋግጥ መንገድ አሳየኝ፦ የመውጫው ብርሃን ከመግቢያው ታይቶኝ ከሆነ መሿለኪያው ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ በካርታ ላይ በሁለቱ አፎች መካከል የሚሰመረው ቀጥታ መስመር ርዝመቱ ራሱ ነው። ሰመርኩ፤ 3,480 ሜትር ገደማ ሆነ። ምንጣፎቹ ከአፎቹ ጥቂት ሜትር ወጣ ብለው ስለነበሩ አዘጋጆቹ አልተሳሳቱም። 33ኛው ላይ ይህን ውጤት ጽፌ ሁሉንም አመሰገንኩ።

34ኛው ምላሽ የመጣው ከ12ኛው ነው፤ በዚህ ጊዜ አነጋገሩ ሌላ ነበር። በሚቀጥለው ወር የተመዘገበበት ውድድር የሚያልፍበት መሿለኪያ መሃሉ ላይ ይታጠፋል፤ ከመግቢያው መውጫው አይታይም፣ በካርታ ላይ የሚሰመረው ቀጥታ መስመርም ርዝመቱን አይሰጥም። አዘጋጆቹ ርዝመቱን አልጻፉም፤ ጎድጓዶች ይኑሩት አይኑሩት የሚያውቅ ሰው አላገኘም። በምን ልለካው ብሎ ጠይቋል፤ ሁለት ባትሪ እንደሚይዝም ሳይጠየቅ ጨምሯል። እስካሁን የመለሰለት የለም።